ቦታው ፈርሷል፣ ሥዕሉ ግን አላለቀም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ በአጋጣሚ አንድ ጉዳይ የሚያነሡ ሆነው አገኘኋቸው። ከቤት ውጭ፣ ቦታው ላይ ተቀምጦ የተጀመረ የመልክዓ ምድር የውሃ ቀለም ሥዕል ሳያልቅ ቀርቶ፣ ከዓመታት በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ሊጨረስ ሲታሰብ ምን መደረግ እንዳለበት ይጠይቃሉ። የመጀመሪያዋ ጠያቂ ሁኔታውን በዝርዝር ጽፈው የሥዕሉንም ፎቶግራፍ ስላያያዙልኝ ለእርሳቸው የሰጠሁት መልስ ረዝሟል፤ ለሁለቱ አጠር አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ስሆን ሥዕል የምሠራው ለራሴ ደስታ ነው። በ2004 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ከአክስቴ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ወደ እንጦጦ የሚያሳየውን ገጽታ በውሃ ቀለም ጀምሬ ነበር። ሰማዩንና ተራራውን ጨርሻለሁ፤ መሐል ላይ ካሉት የቆርቆሮ ጣሪያዎች ግማሽ ያህሉን ቀብቻለሁ፤ ከፊት ያለው ግቢ፣ የድንጋይ ግድግዳውና ልብስ የተሰጣበት ገመድ ግን በእርሳስ ብቻ ተነድፈው ወረቀቱ ነጭ እንደሆነ ቀርቷል። ሦስት ሰዓት ላይ ጀምሬ አምስት ሰዓት ሳይሞላ እንግዳ መጣና አቋረጥኩ። ‹‹በሚቀጥለው ቅዳሜ እመለስበታለሁ›› እያልኩ ዓመታት አለፉ። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ፈረሰ፤ አክስቴም ወደ ከተማው ዳር ገባች። ወረቀቱ 300 ግራም የጥጥ ወረቀት ነው፤ በሁለት ካርቶን መካከል ሆኖ አልጋ ሥር ነው የኖረው። በእጄ ያለው ሌላ ማስረጃ በዚያው ቀን በአሮጌ ስልክ የተነሣ አንድ ደብዛዛ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። አሁን አራት ኪሎ በምኖርበት ቤት አንዲት ክፍል ለሥዕል ለይቻለሁ። የተሠራውን ሳላበላሽ ሥዕሉን ልጨርሰው እችላለሁ? ከየትስ ልጀምር?

መልስ፦ ይችላሉ። ወረቀትዎ ጥሩ ወረቀት ነው፤ ፎቶግራፉ ላይ እንዳየሁትም ሰማዩና ተራራው በእርግጠኛ እጅ የተሠሩ ናቸው። ይሁን እንጂ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ብሩሽ እንዳያነሡ እለምንዎታለሁ። ሥዕሉን ከካርቶኑ አውጥተው ፀሐይ በቀጥታ በማታገኘው ግድግዳ ላይ ያቁሙትና ቡና ሲጠጡም፣ ከሥራ ሲመለሱም አለፍ ገደም እያሉ ይመልከቱት። ከካርቶን ማዕዘን ቅርጽ ያላቸው ሁለት ቁራጮች ቆርጠው በሥዕሉ ዙሪያ እያጠበቡና እያሰፉ ያስቀምጧቸው። ቦታው ላይ የተሠራ የውሃ ቀለም ሥዕል ባለቤቱ ከሚገምተው በላይ ለማለቅ የተቃረበ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ከታች ሦስት ጣት ያህል በፓስፓርቱ (በሥዕል ዙሪያ በሚደረግ የካርቶን ክፈፍ) ሸፍኖ ‹‹በቃ፣ አለቀ›› የሚባልበት አጋጣሚም አለ። ለእርስዎ ሥዕል ግን ይህን አልመክርም፤ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ገመዱ ላይ በተሰጣው ነጭ ልብስ ላይ ነውና እሱ ከተቆረጠ የሚቀረው ተራራና ጣሪያ ብቻ ይሆናል።

ቀጥሎ ወረቀቱን ይፈትኑ። የውሃ ቀለም ወረቀት ሲመረት ቀለሙን ወዲያው እንዳይመጥ ጀላቲን ወይም የመሰለ ነገር ይገባበታል። ይህ ነገር ዕድሜና እርጥበት ሲበዛበት ይዳከማል፤ የሚዳከመውም ወጥ በሆነ መንገድ ሳይሆን እዚህ ጠፍቶ እዚያ እየቀረ ነው። ሲሥሉ ወረቀቱን ለመያዝ በተለጠፈው ቴፕ ተሸፍኖ በነበረው ነጭ ጠርዝ ላይ ንጹሕ ውሃ የያዘ ብሩሽ ያሳርፉ። ውሃው ላዩ ላይ እያብረቀረቀ ጥቂት ሰከንዶች ከቆየ ወረቀቱ ደኅና ነው፤ ወዲያው ወደ ውስጥ ገብቶ ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች ካሳየ ግን እንደ መምጠጫ ወረቀት ሆኗል ማለት ነው። አልጋ ሥር፣ በተለይ በክረምት፣ ከወለሉ የሚነሣ እርጥበት ስለማይጠፋ ፈተናውን በአራቱም ጠርዞች ያድርጉት። እንዲህ በሆነው ቦታ ላይ ሰፊ ቀለም ማፍሰስ አይቻልም፤ እዚያ የሚሠራው ውሃው በጨርቅ የተቀነሰለት ብሩሽ ወይም ጎዋሽ፣ ማለትም ወፈር ያለና ከሥሩ ያለውን የሚሸፍን የውሃ ቀለም፣ ነው። ወረቀቱን እንደገና ጀላቲን መቀባት እንደሚቻል የሚነግርዎ ሰው ቢኖር፣ ያ የሚሆነው ቀለም ላልነካው ወረቀት መሆኑን ያስታውሱ።

ምክንያቱም፣ ቀለሙን ከወረቀቱ ጋር የሚያጣብቀው የግራር ሙጫ ነው፤ በአገራችን ቆላማ አካባቢዎችም የሚለቀመው ያው ሙጫ። ሙጫው የቱን ያህል ዓመት ቢደርቅ ውሃ ሲያገኝ መልሶ ይሟሟል። ዘይት ቀለም ደርቆ ከኖረ በላዩ እንደ ልብ ይሠራበታል፤ የውሃ ቀለም ግን ከዐሥር ዓመት በኋላም ትናንት የተቀባ ያህል ይነሣል። ይህን እያወቅሁ የሳትኩት ራሴ ነኝ። ከዓመታት በፊት ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ የጀመርኩትን አንድ ሥዕል ለመጨረስ፣ ለጥላ የሚሆን ሰፊ ሐምራዊ ቀለም በአሮጌው ላይ አሳለፍኩ። አላረካኝምና ቀለሙ ሳይደርቅ ብሩሼን ሁለተኛ፣ ከዚያም ሦስተኛ ጊዜ መለስኩት። ከሥር የነበረው ቢጫና ቡናማ ተነሥቶ ከላዩ ጋር ተቀላቀለና ጣሪያው፣ ግድግዳውና መንገዱ ሁሉ አንድ ጭቃ ሆነ። ሥዕሉን አልጣልኩትም፤ ተማሪዎች ሲመጡ አውጥቼ አሳያቸዋለሁ።

ስለዚህ በአሮጌው ቀለም ላይ የሚሄድ ማንኛውም አዲስ ቀለም ለስላሳ በሆነ፣ ውሃ በሚገባ በጠገበ ብሩሽ፣ በአንድ ጉዞ ይለፍ፤ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅም አይነካ። ሁሉም ቀለም እኩል አይነሣም። አልትራማሪን የተባለው ሰማያዊና የሎ ኦከር የተባለው አፈርማ ቢጫ በእርጥብ ብሩሽ በቀላሉ ይለቃሉ፤ ፍታሎ ብሉ የተባለው ሌላው ሰማያዊ ግን ወረቀቱን ነክሶ ይይዛል። ተራራዎን በየትኛው እንደሠሩት ካላስታወሱ በቴፑ ዳር ካለው የተራራ ጫፍ ላይ እርጥብ ብሩሽ አሳርፈው በሶፍት ጫን ያድርጉት፤ ሶፍቱ ይነግርዎታል።

እግረ መንገድዎን ቴፑ ሲነሣ ከሥሩ የወጣ ቀለም ካለ በደንብ ያስተውሉት። ብርሃን ያላገኘው ያ ቀለም የዚያን ቀን እውነተኛ ቀለም ነው። አሮጌው አሊዛሪን ክሪምሰን በብርሃን የሚደበዝዝ ቀይ በመሆኑ፣ ብዙዎቻችን ከአልትራማሪን ጋር እየደባለቅን ለሩቅ ተራራ የምንሠራው ወይን ጠጅ ጥላ ከዓመታት በኋላ ቀዩ ጠፍቶ ሰማያዊው ብቻ ይቀራል። የእርስዎ ሥዕል ጨለማ ውስጥ ስለኖረ ብዙ አልተጎዳ ይሆናል። ምናልባት እንጦጦ ከምታስታውሱት በላይ ቀዝቅዞ፣ ማለትም ወደ ሰማያዊ አድልቶ፣ ከታየዎ ግን ተራራውን መልሰው ለማሞቅ አይሞክሩ፤ የሚቀረውን የፊት ለፊት ክፍል በጥቂቱ ቀዝቀዝ አድርገው ከእርሱ ጋር ማስማማት ይቀላል፤ አደጋውም ያነሰ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። እርስዎ የጨነቀዎ ቤቶቹ በመፍረሳቸው እንደሆነ ከደብዳቤዎ ይታየኛል። እኔ ግን ሥዕሉ የጎደለው ቤት አይመስለኝም። እርሳሱ የግድግዳውን፣ የበሩንና የገመዱን ቦታ ይዞልዎታል። የጎደለው ብርሃኑ ነው፤ ፊት ለፊት ያለው ክፍል ነጭ ሆኖ የቀረው ፀሐይ ያረፈበትና ጥላ የወደቀበት ስላልተለየ ነው። ብርሃን ደግሞ አልፈረሰም፤ ዘንድሮም በኅዳር፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በዚያው አቅጣጫና በዚያው ከፍታ ይመጣል።

በቁጥር ላስረዳ፣ ለሒሳብ ሠራተኛ ይህ አይከብድምና። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። በኅዳር አጋማሽ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐይ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ሆና ከአድማስ 34 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። በዚህ ከፍታ የአንድ ነገር ጥላ የቁመቱን አንድ ተኩል ያህል ይረዝማል፤ አራት ሜትር የሆነ ግድግዳ ስድስት ሜትር ገደማ ጥላ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይጥላል ማለት ነው። እርስዎ ፊትዎን ወደ ሰሜን፣ ወደ እንጦጦ አዙረው ስለተቀመጡ ፀሐይ ከቀኝ ትከሻዎ በስተኋላ ነበረች። ስለዚህ ወደ እርስዎ የዞረው የግድግዳ ገጽ ሁሉ በርቶ፣ ጥላው ከእርስዎ እየራቀ ወደ ግራ ወድቆ መታየት አለበት። የቀባችኋቸውን ጣሪያዎች ብሩህና ጨለማ ጎን ከዚህ ጋር ቢያስተያዩ ልክ ሆኖ ያገኙታል። አምስት ሰዓት ሲቃረብ ጥላው በጣም አጥሯል፤ ቦታው ላይ ሁለት ሰዓት የሚቀመጥ ሠዓሊ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው መጀመሪያ የሦስት ሰዓትን፣ መጨረሻ ላይ የአምስት ሰዓትን ጥላ በአንድ ሥዕል ውስጥ ሲያስገባ ነው። እርስዎ በማቋረጥዎ ከዚህ ስሕተት ተርፈዋል። የሦስት ሰዓቱን ይምረጡና በእሱ ይጽኑ።

ወሩንም እንዳያምታቱት። በታኅሣሥ እኩለ ቀን ያው አራት ሜትር ግድግዳ ሁለት ሜትር ተኩል ጥላ ወደ ሰሜን ሲጥል፣ በሰኔ እኩለ ቀን አንድ ሜትር ያህል ጥላ ወደ ደቡብ ይጥላል። አሁን በእጅዎ ባለው ወር ወጥተው የሚያዩትን ጥላ በኅዳር ሥዕል ላይ ቢያስገቡ፣ ተመልካች ምክንያቱን ባያውቅም አንድ ነገር እንደተዛባ ዓይኑ ይነግረዋል። አየሩም እንዲሁ ነው። ክረምቱ አቧራውን አጥቦ ከሄደ በኋላ ባሉት ወራት እንጦጦ የቀረበ፣ ጠርዙ የጠራ ይመስላል፤ ወደ የካቲት ሲገፋ በአቧራና በጭስ ይደበዝዛል። የእርስዎ ተራራ ጥርት ያለ ስለሆነ ግቢውም ጥርት ያለ ጠርዝ ይፈልጋል።

ስለዚህ መጠበቅ ከቻሉ ኅዳርን ይጠብቁ፤ በዚያ ወር ሁለት ወይም ሦስት ጠዋት፣ የቆርቆሮ ጣሪያና የድንጋይ ግድግዳ ያለበት ማንኛውም ቦታ ላይ በሦስት ሰዓት ቆመው ይመልከቱ። ዶሮ ማነቂያ መሆን የለበትም። የድንጋይ ግድግዳ ጥላ ምን ያህል እንደሚጠቁር፣ ጥላው ውስጥ ከመሬቱ የሚንጸባረቅ ሞቅ ያለ ብርሃን እንዳለ፣ ገመድ ላይ ያለ ነጭ አንሶላ ፀሐይ ከኋላዎ ሆና ስትመታው ምን እንደሚመስል በትንሽ ደብተር ላይ በቀለም ይያዙ። ስቱዲዮ ሲገቡ የሚሠሩት ከእነዚህ ነው። ከስልኩ ፎቶግራፍ የሚወስዱት ቁጥር ብቻ ይሁን፤ መስኮቱ ስንት ነበር፣ በሩ በየት በኩል ነበር የሚለውን። ስልክ ጥላን ጥቁር፣ ሰማይን ባዶ አድርጎ ስለሚያነሣ ስለ ብርሃን ምስክርነቱ አይታመንም። አክስትዎንም ደውለው ይጠይቋቸው፤ ግድግዳው ምን ቀለም እንደነበረ፣ የውሃ ባልዲው የት ይቀመጥ እንደነበረ ከእርሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። የሚነግሩዎትን ሁሉ ግን ሥዕሉ ላይ ለማስፈር እንዳይገደዱ። የሚወዱት ሰው የኖረበትን የፈረሰ ግቢ ሲሠሩ አንድም ነገር እንዳይቀር መጓጓት ያለ ነው፤ ሥዕሉ ግን በዚያ ጠዋት በሁለት ሰዓት ሊሠራ ከሚችለው በላይ ዝርዝር ሲጫንበት ላዩና ታቹ የሁለት ሰው ሥራ ይመስላል።

ይህን ለመከላከል ቀላል ዘዴ አለኝ። ስቱዲዮ ውስጥ ጊዜ ገደብ የለውም፤ አደጋውም እሱ ነው። ያን ቀን የተጠቀሙበትን ብሩሽ፣ ወይም በመጠን የሚቀራረበውን ይያዙ እንጂ ወደ ቀጭኑ አይውረዱ። ቆመው ይሥሩ። ዝግጅቱ ሁሉ ካለቀ በኋላ ለመጨረሻው ሥራ ሁለት ሰዓት ብቻ ይስጡና ስልክዎን ደወል ሞልተው ያስቀምጡት።

ከዚያ በፊት መሞከሪያው የልጆች ደብተር የሚሸፈንበት ግልጽ ፕላስቲክ ነው። በሥዕሉ ላይ ዘርግተው ጥላውን በፕላስቲኩ ላይ ይቀቡ፤ የውሃ ቀለም በፕላስቲክ ላይ እየተንከባለለ እምቢ ስለሚል አንድ ጠብታ የፈሳሽ ሳሙና ይጨምሩበት ወይም ጎዋሽ ይጠቀሙ። ፕላስቲኩ ላይ ያለው ቀለም እስኪደርቅ ሥዕሉን እንዳይነካ ብቻ ይጠንቀቁ። ጥላው ወዴትና እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ ሦስት አራት ጊዜ ደምስሰው መሞከር ይችላሉ። እኔ አንዳንዴ ከዚህ ሙከራ በኋላ የጎደለው አንድ የጥላ ቅርጽ ብቻ ሆኖ አግኝቼው ሌላውን ነጭ ወረቀት እንዳለ ትቼዋለሁ።

የቀለሙን መስማማት በተመለከተ፣ ለቆርቆሮው በርንት ሲየና የተባለው ቀላ ያለ ቡናማና አልትራማሪን ይበቃሉ፤ አንዱን ወይም ሌላውን በማብዛት ከዛገው እስከ አዲሱ ቆርቆሮ ያለውን ግራጫ ሁሉ ይሰጣሉ። የውሃ ቀለም ሲደርቅ ፈዘዝ ስለሚል፣ ደግሞም አሮጌው ወረቀት በጥቂቱ ስለሚቢጭ፣ ድብልቁን በአዲስ ወረቀት ላይ ሳይሆን በዚያው ሥዕል ጠርዝ ወይም ጀርባ ላይ ሞክረው፣ አድርቀው፣ ከአሮጌው ጣሪያ ጎን ያስተያዩት። ቅደም ተከተሉ፣ መጀመሪያ ግማሽ የቀሩትን ጣሪያዎች፣ ከዚያ የግድግዳውን ብሩህ ገጽ በስሱ፣ እሱ ሲደርቅ ጥላውን በአንድ ጉዞ፣ በመጨረሻ ግቢውን። የቆርቆሮውን ሽንትር ሁሉ አይቁጠሩ፤ ለእርስዎ በቀረቡት ጣሪያዎች ላይ ጥቂት መስመሮች ሌላውን እንድናስብ ያደርጉናል። ልብሱን አይንኩት። ነጩ ወረቀት ራሱ ልብሱ ነው።

ስለ ክፍልዎ አንድ ነገር ልጨምር። ከአውሮፓ የመጡ መጻሕፍት ለሠዓሊ የሰሜን መስኮት ይመክራሉ፤ እዚያ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለማትመጣ ብርሃኑ አይለዋወጥም። እኛ ዘንድ ግን ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ የቀትር ፀሐይ የምትወጣው ከአናታችን በስተሰሜን ነው፤ የሰሜን መስኮት በእነዚያ ወራት፣ ደመና ሲገፈፍ፣ ፀሐይን በቀጥታ ያስገባል። ነጭ ስስ መጋረጃ ያስፈልግዎታል። ማታ በቢጫ አምፖል ሥር ሰማያዊን አይደባልቁ፤ ጠዋት ሲያዩት ያዝናሉ። በበጋ ደግሞ በዚህ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ቀለም እጅግ ቶሎ ስለሚደርቅ፣ ለጥላው የሚበቃውን ቀለም አስቀድመው በሰፊ ሳህን በጥብጠው ይጀምሩ። መሐል ላይ ቀለም አልቆ መበጥበጥ የጥላውን ጠርዝ ያደርቅና ከቀኝ ትከሻዎ የመጣችውን ፀሐይ ለሁለት ይከፍላታል።

ጥያቄ፦ አባቴ በሕይወት ሳሉ ከስድስት ኪሎ አካባቢ የጀመሩት የውሃ ቀለም ሥዕል አለን። ዛፎቹ አልተሠሩም፤ ወረቀቱም ቢጫ ሆኖ ቡናማ ነጠብጣብ አውጥቷል። እኔም ጥቂት እሥላለሁና ነጠብጣቡን አጽድቼ ሥዕሉን ልጨርስላቸው አስቤ ነበር። ጓደኛዬ በውሃ የቀጠነ በረኪና ነጠብጣቡን እንደሚያጠፋው ነገረኝ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ በረኪናውን ለልብስዎ ያድርጉት። ነጠብጣቡን ለጊዜው ሊያነጣው ይችላል፤ ነገር ግን የወረቀቱን ቃጫ ይበላል፣ ቀለሙንም ይለውጣል፣ ውሃው ራሱም የአባትዎን ብሩሽ አሻራ ያጥባል። ነጠብጣቡ የሚመጣው ከሻጋታ ወይም ወረቀቱ ውስጥ ካለ የብረት ብናኝ ሲሆን፣ የሚያባብሰው እርጥበት ነው። እርስዎ ማድረግ የሚችሉትና የሚገባዎ ሥዕሉን ከተጣበቀበት ተራ ካርቶን መለየት፣ ካልተለቀቀም አለማስገደድ፣ ላዩን በደረቅና እጅግ ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ማንሣት፣ ከዚያም ደረቅ ቦታ ላይ ከአሲድ ነጻ በሆነ ወረቀት መካከል ማኖር ነው።

መጨረሱን በተመለከተ፣ እኔ ብሆን አልነካውም። የራስን አሮጌ ሥዕል መጨረስና የሌላን ሰው ሥዕል መጨረስ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አባትዎ ዛፎቹን የተዉት ጊዜ አጥተው ይሁን ወይም ሳይወዷቸው ቀርተው ማንም አያውቅም። ይልቁንስ ሥዕሉን በጥሩ ብርሃን ፎቶግራፍ አንሥተው በትክክለኛ መጠኑ ያሳትሙት፤ ከኅትመቱ ላይ ንድፉን ወደ አዲስ የጥጥ ወረቀት ይገልብጡና ሥዕሉን እዚያ ላይ ከሰማዩ ጀምሮ ይሥሩት። የእርሳቸውን ሰማይ በእጅዎ ሲደግሙት ቀለሙን በምን ቅደም ተከተል እንዳፈሰሱት ይገባዎታል፤ ዛፎቹን እንዴት ሊሠሯቸው እንደነበረም ምናልባት ያኔ ይታይዎታል። ከጀርባው ‹‹ከአባቴ ንድፍ የተሠራ›› ብለው ስምዎንና ዓመቱን ይጻፉ። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢሰቀሉ ያምራል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የሥዕል ተማሪ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ለገሃር አካባቢ ውጭ የጀመርኩትን ሥዕል ቤት ውስጥ ጨረስኩ። የክፍል ጓደኞቼ ‹‹ውጭ ያልተጨረሰ የውጭ ሥዕል አይባልም፣ ነጭ ጎዋሽ መጨመርህም ማጭበርበር ነው›› ብለው ተሳለቁብኝ። እውነት አላቸው? ከፊርማዬ ሥር የምጽፈውስ የትኛውን ዓመት ነው?

መልስ፦ ይመስገን፣ ልጄ። ጓደኞችህ ከሰዓሊዎች ይልቅ ጠንከር ያሉ ዳኞች ሆነዋል። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ተርነር (እ.ኤ.አ. 1775–1851) በጉዞ ላይ በአብዛኛው በእርሳስ ብቻ እየነደፈ፣ ዛሬ የምናደንቃቸውን ብዙዎቹን የውሃ ቀለም ሥዕሎች የሠራው በኋላ ቤቱ ተቀምጦ ነው። ወደ እኛ አገር ስንመጣም፣ እ.ኤ.አ. በ1805 ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊ ተጓዥ ሄንሪ ሶልት ቦታው ላይ የነደፋቸው ገጽታዎች በለንደን በሌላ ባለሙያ እጅ መዳብ ላይ ተቀርጸው በ1809 ታትመዋል። ቤት ውስጥ መጨረስ ነውር አይደለም። ውጭ ያልሠራኸውን ሁሉ ውጭ ሠራሁ ማለት ግን ነውር ነው፤ ስለዚህ ‹‹ቦታው ላይ ተጀምሮ ስቱዲዮ ውስጥ የተጠናቀቀ›› ብለህ ከጀርባው ጻፍ።

ነጩም የቆየ ነገር ነው፤ ከዚንክ የሚሠራውና ‹‹ቻይኒዝ ዋይት›› የተባለው ነጭ የውሃ ቀለም ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1834 ነው፤ ሠዓሊዎችም ሲጠቀሙበት ኖረዋል። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ጎዋሽ ብርሃን አያሳልፍምና ከወረቀቱ ነጭ አጠገብ ሲቀመጥ ኖራ መስሎ ይታያል። ስሕተት ለመሸፈኛ በሰፊው አትቀባው፤ የባቡር ሐዲዱን ጫፍ ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦን የመሰለ ቀጭን ብሩህ መስመር ስትፈልግ ግን፣ በትንሽ የሎ ኦከር አሙቀህ፣ መጨረሻ ላይ ጣል አድርገው። ወረቀትህ ወፍራም ከሆነና ፈጽሞ ከደረቀ ያን መስመር በምላጭ ጫፍ ፍቀህ ማውጣት ደግሞ ከጎዋሹ ይሻላል፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሞከር ነገር መሆኑን አትርሳ።

ዓመቱን ሁለቱንም ጻፍ፤ የተጀመረበትን አስቀድመህ፣ ሰረዝ አድርገህ፣ ያለቀበትን። ወሩንና ሰዓቱን ደግሞ ከጀርባው በእርሳስ አስፍር። እርሳሱ ለስላሳ ይሁን፣ ወረቀቱን አትጫነው፤ ከፊት በኩል ሰማይ ባለበት ቦታ ትይዩም አትጻፍ፣ ጽሕፈቱ በፀሐይ ብርሃን ሲያዩት አሻራው ያሳብቃል።